የቀብር ቀን ተረኛ

ወንድሜ ወንድምአገኝ በተቀበረ ዕለት ከመሥሪያ ቤቱ ሳትመጣ የቀረች አንዲት ሴት ብቻ ናት። ፀደንያ ትባላለች። እሱና እሷ ቡሬ ከተማ ባንድ ክፍል፣ ፊት ለፊት በተቀመጡ ሁለት ጠረጴዛዎች ላይ ይሠሩ ነበር። ሥራ አስኪያጁ መጣ፣ ገንዘብ ያዧ መጣች፣ የመጋዘን ሠራተኞች በጭነት መኪና ተጭነው መጡ፣ የበር ዘበኞች ሳይቀሩ መጡ። እሷ ቢሮ ዋለች። እናታችን ይህን የሰማችው ከቀብር ተመልሰን እጃችንን ስንታጠብ ነው።

ባገራችን ሰው ከሠርግ ቢቀር ሰበብ ይሰጠዋል። ከቀብር የቀረ ግን ስሙ ይያዛል። እናቴ መጀመሪያ አላመነችም፤ ታማ ይሆናል አለች። ለቀስተኞቹ ሴቶች ደኅና ናት አሏት። ታዲያ ምን ሆና ብትል፣ አንዷ ቀድማ፣ ሌላዋ አርማ፣ ሌላዋ ጨምራ መጋቢት ላይ በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ የሆነውን ነገሯት። እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ወሬ ለእናቴ ያደረሰ ሰው አልነበረም። ለእናት አይነገርማ።

ወንድምአገኝ የእናታችን የመጨረሻ ልጅ ነው። እኔ እርሻውን ይዤ ስቀር እሱ ፍኖተ ሰላም ኮምፒውተር ተምሮ በገበሬ ማኅበራት ዩኒየን ተቀጠረ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለየቀበሌው ማኅበር የሚያከፋፍለው ይህ ዩኒየን ነው። ድሮ ሁሉም በወረቀት ነበር፤ የእኛ ቀበሌ ማዳበሪያ ሽንዲ ከተማ ተራግፎ፣ የሽንዲው እኛ ጋ ተራግፎ፣ እስኪስተካከል ዝናቡ ያልፋል። ኮምፒውተር ከገባ በኋላ ማን ምን ያህል እንደጠየቀ፣ ማን ምን ያህል እንደወሰደ አንድ ክፍል ውስጥ ባለች አንዲት ማሽን ላይ ተቀመጠ። ሰዉ ተደሰተ። ወንድሜ ግን ከዚያ ወዲህ ነው ሐሳብ የገባው።

ባሕር ዳር ለሥልጠና ሄዶ ከተመለሰ በኋላ መጠየቅ አበዛ። አንድ ቅዳሜ ማሳ ድረስ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«አያ፣ ላሞችህን ለምን ሁሉንም እዚህ አታኖራቸውም?» አለኝ።

አንዷን ላም ወምበርማ ያለች አክስታችን ዘንድ ሰጥቻታለሁ፤ ወተቱ የእሷ፣ ጥጃው የጋራ። በሽታ ቢገባ ሁሉም ባንድ ጊዜ እንዳያልቁብኝ ነው አልሁት። የኛም ማሽን አንድ በረት ውስጥ ነው ያለችው አለኝ። ከዚያ ሥልጠናው ላይ የተማረውን በራሱ አነጋገር ነገረኝ። በመጀመሪያ ምን እንዳለህ ታውቃለህ። ቀጥሎ ምን ሊያጠፋው እንደሚችል ትጠይቃለህ። የሚያጠፋው ነገር የመምጣት ዕድሉ ምን ያህል ነው፣ ቢመጣስ ጉዳቱ እስከየት ነው፣ ሁለቱን አብረህ ትመዝናለህ። ዕድሉ ትንሽ ጉዳቱ ግን ትልቅ የሆነ አለ፤ ዕድሉ ብዙ ሆኖ ጉዳቱ የሚቻል አለ። ከመዘንህ በኋላ ወይ ትቀንሰዋለህ፣ ወይ ለሌላ ታሸክመዋለህ፣ ወይ ሥራውን ትተወዋለህ፣ ወይ ደግሞ እያወቅህ ትሸከመዋለህ።

«እያወቅህ መሸከም ነውር የለውም» አለ። «ሳያውቁ መሸከም ነው የሚገድለው።»

ቢሮው ውስጥ ትግሉ ከማሽኑ ይልቅ ከሰው ጋር ነበር። የሁሉም ሠራተኛ የይለፍ ቃል አንድ ነበረ፤ ያውም ቡሬ ውስጥ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው የአንድ ደብር ስም። ለየራሳችሁ አውጡ ቢላቸው አኮረፉ። ለሻይ ሲነሣ ኮምፒውተሩን ቢቆልፍ ገንዘብ ያዧ «ምነው፣ ሌቦች አደረግኸን?» አለችው። የዘፈን ፍላሽ አትሰኩ ቢላቸው ኩሩ ሆነ አሉት። ፊት ለፊት አልሟገታቸውም። ቡና ይጋብዛቸዋል፣ ይስቃል፣ በማግስቱ ያንኑ ይደግማል። እየዋለ እያደረ አብዛኛው ተስተካከለ። መብራት ሲጠፋ ማሽኗን የሚያቆይ ባትሪ አስገዛ። የሁሉም ነገር ቅጂ በአንዲት ትንሽ ዲስክ ተገልብጦ በየሳምንቱ ፍኖተ ሰላም ወዳለው ቅርንጫፍ እንዲሄድ አስወሰነ። ዲስኩን የሚያደርሰው እሱ ራሱ ሆነ።

በ2007 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ከማዳበሪያው ወቅት በፊት፣ ዩኒየኑ የቀበሌ ማኅበራት ተወካዮችን ሰበሰበ። እኔ የቀበሌያችን ተወካይ ስለነበርሁ በቦታው ነበርሁ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌታሁን ለወንድሜ ሰዓት ሰጠው። ወንድሜ ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፈና ምን ምን ክፉ ነገር ሊደርስብን እንደሚችል ንገሩኝ አለ።

ማንም አልተናገረም። ጾም ነው፣ ሰዉ ርቦታል፤ ደግሞ ማን ተነሥቶ ክፉ ይጠራል? ብዙ ቆይቶ አንዱ እሳት አለ፤ ከሱ ጋር ሰዉ ሁሉ «አይምጣብን» አለ። ሌላው ጎርፍ አለ። «ያርቀው» ተባለ። እንዲህ እያለ እያንዳንዱ ስጋት ከነምርቃቱ ወረቀቱ ላይ ወጣ። ከኋላ የተቀመጡት አባ ይርሳው የሚባሉ ሽማግሌ ግን ቀስ ብለው ተነሡ።

«አንተ ልጅ፣ የጠራችሁን ለማዳበሪያ ነው ወይስ ለሟርት?»

አዳራሹ ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ።

«አባ ይርሳው፣ ክረምት ሳይገባ የቤትዎን ክዳን የሚያድሱት ዝናቡን አሟርተውበት ነው?»

«የኔ ቤት ቆርቆሮ ነው» ብለው ተቀመጡ። ሳቁ ሌላ ሆነ፤ ወንድሜም እጁን አነሣ፣ ተሸንፌያለሁ ለማለት።

ሳቁ ሲበርድ አንድ ጥያቄ አመጣ። ሁላችንም ባንድ ጊዜ ይህን ግቢ ጥለን የምንወጣበት ቀን የትኛው ነው? ፋሲካ ያሉ ነበሩ፤ በፋሲካ ዘበኛ አለ። የከተማ ስብሰባ ያሉ ነበሩ፤ ያኔም ሰው ይቀራል። በመጨረሻ ገንዘብ ያዧ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቀብር» አለች። እውነቷን ነው። ለቀብር ዘበኛም ይሄዳል። ባለፈው ዓመት የአንድ እህል ነጋዴ እናት ሲቀበሩ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሲመለስ የተሰበሩ ቤቶች ነበሩ። ይህን ያስታወሱት አባ ይርሳው ናቸው፤ «ሌባም ጥሩንባ ይሰማል» አሉ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነው ኋላ ላይ ሁሉን ያበላሸው። ጉዳዩን ለማስረዳት የአንድ ሰው ቀብር መጥራት ነበረበት። ከሠራተኛው ማንኛችን ብንሞት ቢል ሁሉንም መንካት ነው፤ አንዱን ቢጠራ ከዚያ ሰው ቤተሰብ ጋር ለዘላለም መጣላት ነው።

«የሰው ቀብር መጥራት አልችልም፤ የራሴን ልጥራ» አለ። «እኔ ብሞት...»

አላስጨረሱትም። ክፉ አይንካህ፣ አፍህን ይቁረጠው፣ ለጠላትህ ይሁን የሚለው ከየአቅጣጫው መጣ። እስኪያልቅ ጠበቀና ቀጠለ። እኔ ብሞት ማሽኗን የሚያውቅ የሚቀረው አንድ ሰው ነው፤ እሷም ፀደንያ ናት፤ ያን ቀን እሷም ቀብር ላይ ከቆመች ያ ክፍል ባዶ ነው፤ የእናንተም ክረምት በዚያ ክፍል ነው ያለው አለ። ከዚያ ወደሷ ዞረ።

«አንቺ ትቀሪያለሽ?»

እዚህ ላይ ምን እንደሚባል ሁሉም ያውቃል። ሰው ሞቴን ብሎ ቢጀምር የሰሚው መልስ «ካንተ በፊት እኔን ያስቀድመኝ» ነው። ባይቻል ደግሞ ተቆጥቶ ዝም ማሰኘት ነው። ያ አዳራሽ በሙሉ ይህን መልስ ጠበቀ።

«እሺ» አለች ፀደንያ። «እኔ እቀራለሁ።»

አቶ ጌታሁን ፈጠን ብሎ ይህን ነጥብ እግዚአብሔር ያርቀው ብለን እንለፈው አለ። ስብሰባው ወደ ከረጢት ዋጋ ተሻገረ።

ፀደንያ ያኔ ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም። የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ የተጠየቀችውን ብቻ የምትመልስ። ከዚያ ቀን በኋላ ቢሮው ስም አወጣላት፤ የቀብር ቀን ተረኛ አሏት። አንዱ ጉንፋን ሲይዘው «ኧረ ለፀደንያ ንገሯት፣ ወንበሯን ታዘጋጅ» ይላል። ሌላው ብርድ ብርድ ሲለው «የኔንም ተራ ያዥልኝ» ይላታል። እሷ ብዙ አትስቅም፤ ከሁሉ የሚስቀው ወንድሜ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ማዳበሪያው መከፋፈል ጀመረ፤ ግቢው በመኪናና በገበሬ ተሞላ። ወንድሜ እንደልማዱ ቅጂውን ፍኖተ ሰላም አድርሶ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ በዝናብ ከመንገድ ወጣ። ከተሳፋሪው የሞተው እሱ ብቻ ነው። ያን መንገድ ስጋት ብሎ ወረቀቱ ላይ አላወጣውም ነበር። ሁላችንም የምንመላለስበት መንገድ ነው።

የቀብሩን ቀን ፀደንያ እንዴት እንደዋለች በኋላ ራሷ ነግራኛለች። ጠዋት ቢሮ ስትደርስ ሠራተኛው መኪናው ላይ ወጥቶ ነበር። ገንዘብ ያዧ ከላይ ሆና ቦታ ይዤልሻለሁ፣ ነይ ውጪ አለቻት። እሷ ግን ሂዱ አለች። የምትቀልድ መስሏቸው ትንሽ ቆሙ። ሁለተኛ ሂዱ ስትል ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። የግቢውን በር ራሷ ዘጋችው።

መጀመሪያ ያደረገችው የወንድሜን የይለፍ ቃል መዝጋት ነው፤ በሞተ ሰው ስም ማዳበሪያ እንዳይወጣ። እሱ ራሱ ነበር ያንን ከሁሉ በፊት አድርጊ ያላት። ስሙን መርጣ፣ ይዘጋ ወይ ብሎ ማሽኑ ሲጠይቃት፣ እዚያ ላይ ብዙ ቆየች። ከዚያ ዘጋችው። ቀጥላ የዋናውን ማሽን የይለፍ ቃል ለወጠች። ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ፤ ባትሪው ሲጮህ ማሽኗን በደንብ አጠፋችና ጨለማ ውስጥ ተቀመጠች፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ነበር። መብራቱ ሲመጣ መልሳ አስነሣች፤ ሁሉም እንደነበረ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሽንዲ የመጣ የጭነት መኪና በር ላይ ክላክስ አደረገ። ወጥታ በበሩ ቀዳዳ ዛሬ ጭነት የለም፣ ሰው ሞቶብናል አለችው። ሾፌሩ ማን ሞተ አላት፤ ነገረችው። ያውቀው ኖሮ አዘነ። ቀጥሎ ግን፦

«ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት።

ቀዳዳውን ዘግታ ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

ሌባ አልመጣም። እሳት አልተነሣም። ማሽኗ አልተበላሸችም። ሠራተኛው ማታ ሲመለስ ግቢውን ጥሎት እንደሄደ አገኘው። በማግስቱም ጭነቱ ከቆመበት ቀጠለ። እሷ በመቀመጧ ነው ምንም ያልሆነው፣ ወይስ ባትቀመጥም ምንም አይሆንም ነበር? ይህን ሊያውቅ የሚችል ሰው የለም። ሌባ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ፀደንያ ዛሬ ስሟ በጎ ነበር። ስላልመጣ፣ የሚታየው ከቀብር መቅረቷ ብቻ ነው። ወንድሜ የዚህ ሥራ መከራው ይሄ ነው ይል ነበር፤ የሠራኸው ሲሠራ አይታይም።

በሣልስቱ መጣች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ዝናብ መትቷት፣ እግሯ ጭቃ ሆኖ። እናቴ አየቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሴቶቹ ለመጣ ለቀስተኛ ጠጋ ጠጋ ይሉ የነበሩት ለሷ አልተጠጉም። ደጃፉ ሥር ተቀመጠች። ማንም አላናገራት። ቀትር ላይ ተነሥታ ሄደች። በእሑዱ ደግማ መጣች፤ ያው ሆነ።

በእናቴ ላይ የከበደው ልጅቱ ከቀብሩ መቅረቷ ነው ብየ ነበር የማስበው። አይደለም። ለአባ ወልደ ሥላሴ፣ ለንስሐ አባታችን፣ ስትነግራቸው ሰማሁ። ልጀ አፉን ስቶት ነው፤ ሰው አፉን ይስታል፤ ሲስት የሚመልሰው ሰው ይፈልጋል። ሁሉም ሲመልሰው እሷ እሺ አለችው። እሺ ባትለው ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ይህን ነው ያለችው። አባ ወልደ ሥላሴ፣ ቀን የሚያመጣው እግዚአብሔር ነው፣ የሰው እሺ አይደለም አሏት። እናቴ ይህን አውቃለሁ አለች። ማወቋ ግን የረዳት አይመስልም ነበር።

ወሬው ቡሬም ውስጥ አልቆመም። የፀደንያ እሺ ይደርሳል ተባለ። ድሮ ይቀልዱባት የነበሩት አሁን ቀልዱን ተዉት፤ ይህ ከቀልዱ የባሰ ነበር። በሷ ፊት ራሴን አመመኝ የሚል ጠፋ። ሻይ ቤት ስትገባ ወሬ ይቆማል። ያከራየቻት ሴትዮ አንድ ጠዋት ቤቱን ለዘመድ ፈልጌዋለሁ አለቻት፤ የመጣ ዘመድ ግን አልነበረም። ልጅቱ ሌላ ቤት ብትፈልግ አጣች። አቶ ጌታሁን ዘንድ ገብታ ወደ ፍኖተ ሰላም ቅርንጫፍ አዛውሩኝ አለች። እሱም ሊያዛውራት ፈለገ፤ ችግሩ ማሽኗን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ወቅቱ ደግሞ የማዳበሪያ ነው። እሷ ብትሄድ ወንድሜ የፈራው ነገር ያለ ሌባ፣ ያለ እሳት ሊደርስ ነው።

አቶ ጌታሁን ብልህ ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም። ከኔ ጋር ተማከረ። ነገሩ የሚበርደው እናቲቱ ስትቀበላት ብቻ ነው፤ እናት ከተቀበለች ሌላው ምን አፍ አለው? ስለዚህ በአርባው እናስገባት አለ። አባ ወልደ ሥላሴም ተስማሙ። ፀደንያን ግን ለብቻዋ ጠርቶ አንድ ምክር ሰጣት፤ እኔ ባለሁበት ነው የተናገረው።

«ምን ብለሽ መለስሽለት ትልሻለች። ‹ካንተ በፊት እኔን ያስቀድመኝ› ብየው ነበር በያት። አዳራሹ ጫጫታ ነበር፣ ሰው በደንብ አልሰማም እንላለን። የእናት ልብ ነው፤ ለሷ ብለሽ ነው።»

ፀደንያ አዳመጠች።

«ሰው ሁሉ ሰምቷል እኮ» አለች።

«የሰማውን ለኔ ተዪው።»

እሺም እምቢም አላለችም። ያን ሰሞን እሺ የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም ነበር።

አርባው ሐምሌ ላይ ዋለ። ዝናብ ስለነበረ ሰዉ ዳስ ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀመጠ፤ ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ቡራኬ ሰጡ፣ እህሉ ቀረበ። ሰው ሲቀንስ አባ ወልደ ሥላሴ ፀደንያን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። እኔም ተከተልሁ። አቶ ጌታሁን በር ላይ ቀረ። እናቴ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ከሐዘኑ ወዲህ ከስታለች። አባ መስቀላቸውን አሳለሟትና ይህች ልጅ ልታጽናናሽ መጥታለች አሉ።

ፀደንያ እናቴ ጉልበት ሥር ወደቀች። እናቴ አላነሣቻትም፤ አልገፋቻትምም። ዝናቡ ክዳኑ ላይ ይሰማል።

«ጌታሁን ነው ያመጣሽ?» አለች እናቴ።

«አዎ። እኔም መምጣት ፈልጌ ነበር።»

«ለቀብሩም መምጣት ትፈልጊ ነበር?»

«እፈልግ ነበር።»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች። የሚመጣውን ጥያቄ ሁላችንም እናውቀዋለን። በር ላይ የቆመው አቶ ጌታሁን ወደ ውስጥ ዘንበል አለ።

«ልጀ ሞቱን ሲጠራ ምን ብለሽ መለስሽለት?»

ፀደንያ ቀና አለች። ወደ በሩ አላየችም።

«እሺ አልሁት።»

አባ ወልደ ሥላሴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ ጌታሁን በሩን ለቆ ወደ ዳሱ ሲመለስ እግሩ ጭቃው ላይ ተሰማ።

«ለምን?» አለች እናቴ። ድምፅዋ አልከፋም። የማታውቀውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያለችው።

«እማማ፣ ልሙት ወይ ብሎ አልጠየቀኝም» አለች ፀደንያ። «እንደሱማ ቢሆን እኔም ሰው የሚለውን እል ነበር። ማን ይቀራል ነበር ያለኝ። ሌላ የሚቀር ሰው ካጣ ዝም ብሎ መተኛት አይችልም ነበር፤ እርስዎ ያውቁታል። እሺ ስለው ያን ነገር ተወው። ከዚያ በኋላ ማን ይቀራል ብሎ ጠይቆ አያውቅም።»

እናቴ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ልታስወጣት ነው ብየ ጠበቅሁ።

«በፋሲካ መጥቶ ነበር» አለች በመጨረሻ። ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። «እዚህ መደቡ ላይ ተቀምጦ፣ እናቴ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ምናልባት እኔ ባልኖር ብሎ ጀመረ። አፍህን ይቁረጠው አልሁት። ዳግመኛ ሊጀምር ሲል ተነሥቼ ወጣሁበት። ስመለስ ስለ በሬው ያወራል፤ ይስቃል። ምን ሊነግረኝ እንደነበረ አላውቅም። አሁንም አላውቅም።»

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀደንያን በደንብ አየቻት።

«እሺ ብየው ኖሮ ይነግረኝ ነበር» አለች። «ላንቺ ነገረሽ።»

እናቴ እጇን ዘርግታ የፀደንያን ክርን ያዘችና ከመሬቱ አነሣቻት። መደቡ ላይ አጠገቧ እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቀችላት።

«ሌላስ ምን አለሽ?»

«ብዙው ስለ ሥራው ነው። ስለ ማሽኗ። እርስዎን ይሰለችዎታል።»

«ንገሪኝ።»

ፀደንያ ከየት እንደምትጀምር ትንሽ አሰበች። ከዚያ ስለ ባትሪው ጀመረች፤ ለምን እንዳስገዛው፣ ሲጮህ ምን አድርጊ እንዳላት። ቀጥላ ስለ ቅጂው፣ ለምን በሌላ ከተማ መቀመጥ እንዳለበት። እናቴ ኮምፒውተር በዓይኗ አይታ አታውቅም። አንዱም ቃል የገባት አይመስለኝም፤ ግን አላቋረጠቻትም፤ ቆም ስትል «እሺ» ትላታለች፣ ልጅቱም ትቀጥላለች።

አባ ወልደ ሥላሴ ቀስ ብለው ተነሥተው ወጡ። እኔም ወጣሁ። ዳሱ ውስጥ የቀሩት ሴቶች ከበቡኝ፤ ምን ብላ መለሰችላት፣ አስወጣቻት ወይ አሉኝ። እያወሩ ነው አልኋቸው።